ስሙን ማን ልትሉት ነው?

መጋረጃ ሰፊዋ ከልጅነቷ ጀምራ ፈሪ ነበረች። ፈሪ ሲባል ጨለማ ወይም ውሻ የምትፈራ አይደለችም፤ የእሷ ፍርሃት ገና ላልመጣ ነገር ነው። በር ሲንኳኳ መርዶ፣ ስልክ ሲጮህ መርዶ፣ ሰው ከለመደው ሰዓት ትንሽ ዘግየት ካለ መርዶ ይመስላታል። እናቷ አንድ ተራ ማለዳ "መጣሁ" ብላ ከቤት እንደ ወጣች ነበር መንገድ ላይ ወድቃ የቀረችው። ያሳደገቻት አክስቷ ናት። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው "መጣሁ" ብሏት ሲወጣ፣ ተመልሶ እስክታየው ድረስ ዓይኗ ከበሩ ላይ አይነሳም።

በምትሠራበት መጋረጃ ቤት ያሉት ሴቶች ይህን ጠባይዋን ስለሚያውቁ "ቀስ በሉ" የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል። መሰላል ላይ የወጣ ካየች "ቀስ በል"፣ መቀስ ያነሳች ካየች "ቀስ በይ"፣ ሻይ ሲቀዳ እንኳ "ቀስ!" ነው። ይስቁባታል፤ ግን ይወዷታል። ፈሪ ስለሆነች ጨርቅ ደጋግማ ሳትለካ መቀስ አታሳርፍበትም። አሠሪያቸውም ውድ ጨርቅ በመጣ ቁጥር "ለቀስ በሉ ስጡልኝ" ይላል እንጂ ሌላ ሰው አያምንም።

ከባሏ ጋር ያገናኛትም ያው ፍርሃቷ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተሰፋ መጋረጃ ታቅፋ ወደ አንድ ረጅም ሕንፃ ስትወጣ፣ ሊፍቱ መሐል ላይ ቀጥ አለ። መብራቱ ጠፋ። መጋረጃውን ጥላ በሩን በሁለት እጇ ትደበድብ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ከውጭ የወንድ ድምፅ መጣ።

"ማነው ውስጥ ያለው?"

"እኔ ነኝ!"

"እኔ ማን?"

"መጋረጃ ሰፊዋ! በናትህ አውጣኝ፣ መውደቄ ነው!"

"አትወድቂም። የዚህን ሊፍት ገመድ የቀየርኩት እኔ ራሴ ነኝ።"

"በገመድ ነው እንዴ የተንጠለጠለው?" ብላ ጮኸች።

"ገመዱን ማንሳት አልነበረብኝም" አለ ሰውየው። "የብረት ገመድ ነው። ለመሆኑ ከነመጋረጃሽ ስንት ኪሎ ትሆኛለሽ?"

"አንተ ምን አገባህ!"

"ጎሽ፣ እንደዚሁ ተቆጪ። ስትቆጪ ድምፅሽ አይንቀጠቀጥም።"

በሩን እስኪከፍተው ድረስ እንደዚሁ ሲያናድዳት ቆየ። ሲከፈት፣ እጁ በግራሶ የጠቆረ፣ ጥርሱ ሁሉ የሚስቅ ሰው አየች። ሊፍት ዳግመኛ አልገባም ስላለች መጋረጃውን እሱ ተሸክሞ በደረጃ አደረሰላት። ወራት ሳይሄድ ተጋቡ።

ሊፍት ጠጋኝ ማግባት እንደ እሷ ላለች ሴት እሳት ውስጥ መግባት ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከሊፍት ጣሪያ ላይ ቆሞ የሚውል ነው። ኮቴውን ደረጃው ላይ ካልሰማች ራቷ አይወርድላትም። እሱም አመሏን አጥንቶ ሲያበቃ፣ ከቤት ሲወጣ "መጣሁ" የምትለዋን ቃል ፈጽሞ ከአፉ አያወጣም። "በይ ደህና ዋዪ" ብሎ ብቻ ይወጣል።

የባሏ እናት አብረዋቸው ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን በዳቦ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆመው ያሳለፉ፣ ወገባቸው ያልጎበጠ፣ ንግግራቸው ቀጥ ያለ ሴት ናቸው። ማንንም አይፈሩም። ደረጃው ላይ እየሰከረ የሚያስቸግረውን ጎረቤት በመጥረጊያ እያባረሩ አስወጥተው ያውቃሉ። ጸሎታቸው እንኳ ትእዛዝ ይመስላል። ጠዋት ጠዋት ከክፍላቸው "ልጄን ጠብቅልኝ፤ ምራቴንም፤ እንዳትረሳ!" ሲሉ ይሰማል፤ የዳቦ ቤቱን ተላላኪ የሚያዙ ነው የሚመስሉት። የሰፊዋ ጸሎት ግን ድርድር ነው። "ጌታዬ፣ እሱን በደህና ካመጣህልኝ ዛሬ ማንንም አላማም" ትላለች። በማግስቱ ደግሞ ሌላ የምትተወው ነገር ትፈልጋለች።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ከዚያ አረገዘች።

አንድ ቅዳሜ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እየላጡ ሳለ አማቷ ቀና ሳይሉ "ወንድ ከሆነ የልጄ ስም ነው የሚወጣለት" አሉ።

ሰፊዋ ሳቀች። "አባትና ልጅ አንድ ስም ከሆኑ፣ እርስዎ ሲጣሩ የትኛው ነው 'አቤት' የሚለው?"

አማቷ አልሳቁም። "የአባቱን አላልኩም። የታላቁን ነው።"

"የማን ታላቅ?"

"የመጀመሪያ ልጄን።" ቢላዋው በእጃቸው ላይ ለአፍታ ቆመ። "ባልሽ ይነግርሻል" ብለው ሌላ ድንች አነሱ።

ሰፊዋ ባለቤቷ ታላቅ ወንድም እንደ ነበረው እስከዚያ ቀን ድረስ አልሰማችም። በቤቱ ውስጥ ፎቶ የለም፤ ሲነሳም ሰምታ አታውቅም። ባሏን የሚኖሩበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ አገኘችው፤ የታጠበ ልብስ እያሰጣ ነበር።

"ታላቅ ወንድም ነበረህ?"

የልብስ መቆንጠጫውን ከአፉ አወጣ። "እማዬ ነገረችሽ?"

"ወንድ ከሆነ ስሙን እናወጣለታለን አሉ።"

ባሏ ሸሚዙን ሰቅሎ ከጨረሰ በኋላ ነገራት። ወንድሙ ትልቅ ዝናብ ከጣለ በኋላ ቦይ ወስዶት ነው የሞተው፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ስሙንም ነገራት። ጥሩ ስም ነው፤ አጭር፣ ለመጥራት የሚመች፣ ትርጉሙም መልካም። ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ በቤተሰቡ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ሲወለድ የሚታሰብ ስም ነበር።

"እስከ ዛሬ ለምን ደበቅከኝ?"

"እኔ ሊፍት ውስጥ ስገባ ራት የማይወርድልሽ ሴት፣ ይህን ብነግርሽ ምን ልትሆኚ ነው?" አለ። "ከነገርኩሽ አይቀር... አጎቴም በዚሁ ስም ነበር የሚጠራው። የአባቴ ታላቅ። እሱንም በልጅነቱ ሣንባ ምች ወሰደው። አባቴ ለወንድሜ ያወጣው ለእሱ መታሰቢያ ብሎ ነው።"

"ስንት ዓመቱ ነበር?"

"ማን?"

"አጎትህ።"

ባሏ እርጥብ ካልሲ በእጁ ይዞ ቀረ። "ዘጠኝ መሰለኝ" አለ። "ወይም አሥር። ማን ያስታውሰዋል?"

ሁለተኛውን ቃል አልሰማችውም። ዘጠኝ የሚለው ነው ጆሮዋ ውስጥ የቀረው። በሁለት እጇ ሆዷን ያዘች፤ ልጁም ሰምቶ የደነገጠ ይመስል በውስጧ ተገላበጠ።

ከዚያ ቀን በኋላ ያ ስም እንደ ጥላ ተከተላት። ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ልጇን በዚያ ስም ስትጠራ ሰምታ ዘንቢሏን ጥላ ልትሮጥ ምንም አልቀራት። ልጁን ፈልጋ አየችው፤ የሚሮጥ፣ አፍንጫው የሚፈስ፣ ጤነኛ ልጅ ነው። "ስንት ዓመቱ ነው?" ብላ ጠየቀች እናቱን። "አምስት" አለቻት። አራት ዓመት ቀረው ብላ አሰበች፤ እንዲህ በማሰቧም ደግሞ ራሷን ፈራች። ሥራ ቦታ ለአንድ የሕፃን ክፍል የሚሆን መጋረጃ ስትሰፋ መርፌው ጣቷን ወጋው፤ ነጩ ጨርቅ ላይ ደም ጠብ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በቀዝቃዛ ውሃ አጥባ ትቀጥል ነበር። ያን ቀን ግን ምልክት መሰላት፤ ፊቷ አመድ መስሎ ቁጭ አለች። አብረዋት የሚሠሩት "ምን ሆነሻል?" ሲሏት "ምንም" አለች። ብትናገረው የሚደርስ ነው የመሰላት።

በመጨረሻ ወደ ቄሱ ሄደች። ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋብቻቸውንም የባረኩት እሳቸው ናቸው። ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው አዳመጧት።

"አባ፣ ስም ይገድላል?"

"ስም አይገድልም፣ ልጄ። የሰው ዕድሜ በፈጣሪ እጅ ነው።"

"እኮ፣ ፈጣሪ ነው ሁለቴ የወሰደው። ይህን ስም ጠልቶት ቢሆንስ?"

"እንዲህ አይባልም።" መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠርዝ ጠረጉት። "ስንቱ ልጅ በስንቱ ስም ሞቷል። በዚያ ብንሄድ ለሰው የሚወጣ ስም አናገኝም።"

"እርስዎ ቢሆኑ ለልጅዎ ያወጡት ነበር?"

ቄሱ ወዲያው አልመለሱም። መነጽራቸውን አደረጉ፤ አስተካከሉት። "አዎ" አሉ ከዚያ፤ "አወጣው ነበር።" እሷ ግን "አዎ" ከማለታቸው በፊት የነበረችውን ዝምታ ይዛ ነው ወደ ቤቷ የተመለሰችው።

ወንድ ወለደች። ቁርጥ አባቱን፤ ሳቁ ብቻ ነው የቀረው። አዋላጇ ገና እትብቱን አሥራ ሳትጨርስ "ስሙን ማን ልትሉት ነው?" አለቻት። ጎረቤት መጣ፤ ስሙን ማን ልትሉት ነው? የመጋረጃ ቤት ሴቶች ተሰብስበው መጡ፤ ስሙን ማን ልትሉት ነው? ሁሉንም "ገና ነው" ትላለች። እስከዚያው "እንግዳው" ነበር የምትለው። "እንግዳው ተርቧል፣ እንግዳው ተኝቷል።" ባሏም "እንግዳው ዛሬም ሊሄድ አላሰበም እንዴ?" ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። ቀልዱ አፉ ላይ እንዳለ ፊቷን አይቶ ደነገጠና ምላሱን ነከሰ።

የሕፃኑ ጥምቀት ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ከወጥ ቤት ሆና ከመኝታ ቤቱ ድምፅ ሰማች። የአማቷ ድምፅ ነው፤ ግን የእሳቸው አይመስልም። ዝግ ያለ፣ የሚለምን፣ ወጣት የሆነ ድምፅ። በበሩ ስንጥቅ አየች። አማቷ ሕፃኑ አልጋ ላይ ጎንበስ ብለው ያን ስም ይጠራሉ። ትንሽ ይቆያሉ፤ ደግሞ ይጠራሉ።

በሩን በርግዳ ገባችና ልጁን ከሥራቸው ነጥቃ አቀፈችው።

"እማማ፣ እባክዎ! በዚያ ስም አይጥሩብኝ! ልጄን በሞተ ሰው ስም አይጥሩብኝ!"

አማቷ ቀና አሉ። ሰፊዋ ቁጣ ነበር የጠበቀችው፤ መጥረጊያውን፣ የዳቦ ቤቱን ድምፅ። እሳቸው ግን የተበታተነውን የሕፃን ልብስ አጣጥፈው አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጡና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ለቀናት ያህል ከ"እግዜር ይስጥልኝ" በቀር ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ጠዋት ጠዋት የሚሰማው ጸሎታቸውም ቀረ።

"ምን ብለሻት ነው?" አላት ባሏ።

ነገረችው። እሱ በእጁ ፊቱን አሸ። "አጠፋሽ አልልሽም" አለ። "እኔም አልወደድኩትም ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ እማዬ እኔን ከበር ውጭ አታስወጣኝም ነበር። ስሙ ሲነሳ ያ በር ነው ትዝ የሚለኝ።"

"ታዲያ ለምን አትነግራቸውም?"

"ምን ብዬ? 'ልጅሽን እርሺው' ብዬ?"

በዚሁ መሐል ሕፃኑ ታመመ። አንድ ረፋድ ጡት አልይዝም አለ። ግንባሩን ስትነካው እንደ ምጣድ ይፋጃል። ለቅሶው ቀጭን ነው፤ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ባሏ ሥራ ላይ ነው፤ ስልኩ አይነሳም። ጠርተውታል፤ ስሙ ደርሶበታል፤ ይህን ብቻ ነው የምታስበው። ያለ ጫማ ወደ ደረጃው ስትሮጥ አማቷ ከኋላዋ ደረሱባትና ጫማዋን እግሯ ሥር አደረጉላት። "አድርጊ" አሉ። ታክሲ አስቁመው አስገቧት። መንገዱን ሁሉ አንዳቸውም አልተናገሩም። ሰፊዋ ልጁ መተንፈሱን ለማወቅ ጆሮዋን አፉ ላይ አድርጋ ነበር የሄደችው።

ክሊኒኩ ሰው ሞልቶታል። መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ፊቷን ሳታነሳ "የሕፃኑ ስም?" አለች።

ሰፊዋ "ገና ነው" ልትል ነበር፤ ቃሉ አልወጣ አላት። ወደ አማቷ ዞረች። አሁን ይጠሩታል ብላ አሰበች፤ የምትከለክልበት አቅም አልነበራትም። አማቷ አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። የባንኮኒውን ጠርዝ ያዙ።

"እናት፣ ስም?" አለች ልጅቷ፤ "ወረፋ አለ እኮ።"

አማቷ አንድ ስም አወጡ። ሰፊዋ ሰምታው የማታውቀው፣ ያረጀ ያፈጀ፣ የሽማግሌ ስም ነው። ልጅቷ እንኳ ገርሟት ቀና ብላ አየቻቸው።

ተራቸውን ለመጠበቅ ግድግዳውን ተደግፎ ከቆመ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልጁ በሰፊዋ ደረት ላይ እንደ ፍም ይጋያል።

"የማን ስም ነው?" አለች ሰፊዋ በሹክሹክታ።

"የዳቦ ቤቱ ጌታ።"

"የትኛው ዳቦ ቤት?"

"የሠራሁበት። ንፉግ ነበር፤ ክፉ ነበር። ግን ዘጠና ዓመት ዘሎ ነው የሞተው። ያውም ከነጥርሱ።" አማቷ ወደ ፊት ለፊታቸው ግድግዳ እያዩ ነበር። "ድንገት ሌላ ብዙ የኖረ ሰው አልመጣልኝም።"

ሰፊዋ ልትስቅ ነው መሰላት፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነው። አማቷ እስኪወጣላት ድረስ እንድታለቅስ ተዉአት። ከዚያ ሻሻቸውን ፈትተው የልጁን እግር ሸፈኑበት።

"እኔ የማልፈራ መስሎሽ ነበር?" አሉ። "ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝናብ ሲጥል ጆሮዬን በትራስ ነው የምደፍነው። አሁን ያቺ ልጅ ስም ስትለኝ የልጄ ስም አፌ ላይ መጣ፤ ብጠራው ይህም ይሄድብኛል ብዬ ዋጥኩት። እኔ የወለድኩትን ልጅ ስም ዋጥኩት።"

"ታዲያ ለምን ለልጄ ይውጣለት አሉ?"

"የምጠራው ሰው ፈልጌ ነዋ" አሉ። "እናት ስትሆኚ በቀን ስንት ጊዜ ትጣሪያለሽ። ና ብላ፣ እግርህን ታጠብ፣ የት ሄድክ፣ ና ግባ። ከዚያ አንድ ቀን ይቆማል። አፍሽ ላይ ይቀራል። ያን ቀን አልጋው ጋ የሰማሽኝ፣ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥራቴ ነበር።" እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰበሰቡ። "ተይው በቃ። ደስ ያለሽን ስም አውጪለት። ብቻ ይዳንልን።"

ሐኪሙ ወጣት ነው። ልጁን ገላልጦ፣ ደረቱን አዳምጦ፣ በትንሽ ባትሪ ጆሮውን አየ። የጆሮ ሕመም ነው አለ፤ አመርቅዟል። መድኃኒት ሰጥቶ "ትኩሳቱ ካልበረደ ነገ መልሱት" አላቸው። "ካልበረደ" የምትለው ቃል ከሰፊዋ ጋር ቤት ድረስ መጣች። ሁለቱ ሴቶች ልጁን እየተቀባበሉ፣ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረጉት አመሹ። ባሏ ከሥራ መጥቶ ሁሉን ከሰማ በኋላ "ልጄን በዚያ ንፉግ ሰውዬ ስም?" ብሎ ጮኸ። ሦስቱም እንደ እብድ ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። ትኩሳቱ ግን በረደ፤ ልጁም ጡት ያዘ።

ስሙ ላይም ተስማሙ። በቤተሰቡ ማንም ያልተጠራበት፣ የሞተበትም የኖረበትም የሌለ አንድ አዲስ ስም መረጡ። ሰፊዋ አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል ብላ ነበር። አልወሰዳትም። ልጁ ባሳለ ቁጥር ትነሳለች፤ ዝም ባለም ቁጥር ትነሳለች። የሚያስፈራው ስም ተወግዶ ሳለ ፍርሃቱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

የጥምቀቱ ቀን ልጁን የታቀፉት አያቱ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ብዙ ሰው የለም፤ የመጋረጃ ቤት ሴቶች፣ የባሏ የሥራ ባልደረቦች፣ ከጎረቤት ጥቂቶች። ቄሱ ውሃውን ባርከው ወደ አያትየው ዞሩ።

"ስሙን ማን አላችሁት?"

አማቷ አዲሱን ስም ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ሰፊዋ ከጎናቸው ስለነበረች ከንፈራቸውን አየች። ከንፈራቸው በመጀመሪያ ሌላ ቅርጽ ያዘ፤ ድምፅ የሌለው። ያ ስም ነበር። ከዚያ አማቷ ከንፈራቸውን ሊያስተካክሉ ሲሞክሩ፣ ሰፊዋ የምትናገር ሳይመስላት የራሷን ድምፅ ሰማች። ስሙን ጠራችው። የሞተውን ልጅ ስም፤ ጥርት አድርጋ፣ ከኋላ ያሉት ሁሉ እስኪሰሙ።

ለምን እንዳደረገችው እስከ ዛሬ ብትጠየቅ በቅጡ አትመልስም። ገና እንደ ተናገረችው ቃሉን ከአየር ላይ መልሳ ልትይዘው ፈለገች። ባሏ ዘወር ብሎ አያት፤ ፊቱ ወረቀት መስሏል። አማቷ ልጁን ወደ ደረታቸው አጥብቀው "እርግጠኛ ነሽ?" አሏት፤ በዓይናቸው ብቻ። ቄሱም ጥያቄዋን አልረሱም ኖሮ አንድ ጊዜ አዩዋት። ቢሆንም ሳያመነቱ ስሙን ተቀብለው ልጁን አጠመቁ። ልጁ ቀዝቃዛው ውሃ ሲነካው ቤተ ክርስቲያኑን በለቅሶ ሞላው።

ጀግና ሆነች ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ነው የፍርሃት ዘመን። ልጁ ሲድህ ከኋላው ትድሃለች፤ ሲሮጥ ትሮጣለች። ዝናብ ሲያስገመግም የቤቱን በር ትቆልፍና ቁልፉን ጡቷ ሥር ታደርጋለች። ልጁ ግን እንደ ስሙ ቀላልና ደስተኛ ሆኖ አደገ። አያቱም አፋቸው ተፈታ። "ሞክሼህ እንዳንተው ነበር፤ እግሩን መታጠብ የማይወድ" እያሉ ያጫውቱታል። አንድ ቀን ባሏ ከየት እንዳመጣው ያልታወቀ የወንድሙን ትንሽ ፎቶ ቁም ሳጥኑ ላይ አቆመው። ማንም አላነሳውም።

ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ቤቱ ውስጥ ማንም ስለ ዕድሜው አልተነፈሰም። ሰፊዋ መክሳት ጀመረች። ከሥራ በጊዜ እየወጣች ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ጀርባ ቆማ፣ ከበሩ ሲወጣ አይታ፣ ሳያያት በሌላ መንገድ ቤት ትቀድመው ነበር። እቤት ስትደርስ አንዳንዴ አማቷን አታገኛቸውም፤ "ጉልበቴ መራመድ ይሻላል ብሏል" ይላሉ ዘግየት ብለው ሲመጡ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ጀመረ። ሰፊዋ የጀመረችውን የመጋረጃ ሽንሽን የስፌት መኪናው ላይ ጥላ ሮጠች። ከሱቁ ጀርባ ስትደርስ ቦታዋ ተይዟል። ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው የቆሙት አማቷ ናቸው።

"እማማ! እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

አማቷ እንደ ተያዘ ሌባ ደነገጡ። "አንቺስ? ሥራ አልነበርሽም?"

"ክር... ክር ልገዛ ነው።"

"ይህ ሥጋ ቤት ነው እኮ።"

ሁለቱም ወደ ሱቁ አዩ። ዝናቡ ጀመረ። አማቷ ጃንጥላውን ወደ እሷ ከፈል አደረጉላት።

"ብዙ ጊዜ ይመጣሉ?"

"ስትቀሪ ብቻ" አሉ አማቷ። "ስትመጪ በዚያኛው ጥግ ነው የምቆመው።"

ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ እየተገፋፉ ወጡ። ሁለቱ ሴቶች አንገታቸውን አስግገው፣ ከዚያ ሁሉ ጭንቅላት አንዱን ፈለጉ። ልጁ ግን ቀድሞ አያቸው። ቦርሳውን በራሱ ላይ አድርጎ መጣና በኀፍረት ወደ ጓደኞቹ እየዞረ ቆመ።

"ዛሬ አባዬ የለም እንዴ?" አለ።

"አባትህ እዚህ ይመጣል?" አሉ ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

"የመሥሪያ ቤቱ መኪና ውስጥ ሆኖ ነው። ያላየሁት ይመስለዋል።"

በአንድ ጃንጥላ ሥር ሦስት ሆነው ተጓዙ። መንገድ ዳር ያለው ቦይ ሞልቶ ይጮህ ነበር። ልጁ ዘሎ ሊሻገረው ሲል ከግራና ከቀኝ ሁለት እጅ ያዘው፤ ኮሌታውን በአንዱ በኩል፣ ቦርሳውን በሌላው። "ኧረ ተዉኝ፣ ሰው እያየኝ ነው!" አለ። አልተዉትም። ቤት እስኪደርሱ አንዳቸውም እጃቸውን አላላሉም።

ዓመቱ እንዲህ እያለ አለፈ። ምንም አልሆነም። ልጁ አሥር ዓመት የሞላው ቀን ትልቅ ነገር አልተደረገም። አማቷ ግን ከምሳ በኋላ ጋደም ብለው እስከ ማታ ተኙ፤ ከዚያ በፊት በቀን ተኝተው አያውቁም። ሰፊዋ ደጋግማ ሄዳ አየቻቸው፤ ትንፋሻቸውን አዳመጠች። ባሏ ደግሞ ሳይነግራት ብስክሌት ገዝቶ መጣ።

"አብደሃል?" አለችው።

"ምን ላድርግ፣ ጠየቀኝ።"

ልጁ እየተንገዳገደ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሄደ። እሷ መስኮቱ ጋ ቆማ መስተዋቱን በመዳፏ ይዛለች። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ "መጣሁ!" ብሎ ጮኸላትና ከዓይኗ ተሰወረ። ጆሮዋ ጩኸት፣ የመኪና ፍሬን፣ የሚሮጥ ሰው ኮቴ ይጠብቅ ነበር። ምንም አልተሰማም። ብዙ የቆየ መሰላት። ከዚያ ብስክሌቱን እየገፋ ብቅ አለ፤ ጉልበቱ ተልጧል፤ ይስቃል።

ወንበር ላይ አስቀምጣ ቁስሉን አጠበችለት። ዓይኗ ከፊቱ ላይ ስላልተነሳ ውሃው ካልሲው ላይ ፈሰሰ።

"የሚበላ ምን አለ?" አላት። "ቶሎ በልቼ ደግሞ ልወጣ ነው።"